እግሬ ፍሬን ይፈልጋል፤ በሰውነት የቀረ ድንጋጤ በሰውነት በኩል ይታከማል?

መምህርት ዘማርቆስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሾፌሩ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ ስላላተመው ገደል ከመግባት ተረፍን፤ መኪናው ግን በጎኑ ወደቀ። እኔ ትከሻዬ ተሰብሮ ወጣሁ፤ ከአጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ የነበረችው ሴት ግን አልወጣችም።

ታሪኩን መናገር አያቅተኝም። አማካሪ ዘንድ ስድስት ጊዜ ሄጄ ከመነሻው እስከ መድረሻው ዜና እንደሚያነብ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ አማካሪዋም ጥሩ ሰው ነበሩ። ችግሬ ሰውነቴ ይህን ሁሉ ንግግር አለመስማቱ ነው። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ተቀምጬ ቁልቁለት ሲመጣ ቀኝ እግሬ ወለሉን አጥብቆ ይረግጣል። መኪና ነድቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ፍሬን በየትኛው እግር እንደሚያዝ የተማርኩት ከአደጋው በኋላ ሰው ጠይቄ ነው፤ እግሬ ግን ይፈልገዋል። የተቃጠለ ጎማ ሲሸተኝ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ባልደረቦቼ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ አበባ ሄጄ አላውቅም።

በቅርቡ አንዲት ወዳጄ «ድንጋጤ የሚቀመጠው በሰውነት ስለሆነ የሚወጣውም በሰውነት ነው» የሚሉ ቪዲዮዎችን ላከችልኝ። የሚንቀጠቀጡ፣ የሚንከባለሉ፣ ዮጋ የሚሠሩ ሰዎች አየሁ። ይህ ነገር እውነትነት አለው ወይስ የገበያ ወሬ ነው? ስለ ጉዳዩ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለሙያ ከጣና ዳር

እህታችን፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። በባሕር ዳር የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ በጽሑፍ ሰውን መመርመር ስለማይቻል የምናገረው ስለ ጉዳዩ በጥቅሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እግርዎ። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ስጋትን ከሽታ፣ ከድምፅና ከሰውነት አቀማመጥ ጋር አቆራኝቶ ይይዛል፤ ነገሩ የት፣ መቼና እንዴት እንደተፈጸመ፣ ማለቁንም ጭምር በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ክፍል ደግሞ ሌላ ነው። በከባድ ድንጋጤ ጊዜ የመጀመሪያው ጠንክሮ ይሠራል፤ ሁለተኛው ይዳከማል። ስለዚህ ቁልቁለት ሲመጣ አንጎልዎ «ይህ የዛሬ ሦስት ዓመት ነበር» ከማለቱ በፊት አድሬናሊን ተረጭቶ፣ ልብ ፈጥኖ፣ ደም ከእጅ ጣት ሸሽቶ፣ እግር ሥራውን ጀምሯል። ታሪኩን አሳምሮ መናገርና የሰውነት መደንገጥ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም «ድንጋጤ በሰውነት ውስጥ ተከማችቷል» የሚለው አነጋገር ከምሳሌነት ካለፈ ያሳስታል። በጡንቻ መካከል እንደ መግል ተቋጥሮ በመጭመቅ የሚወጣ ነገር የለም። ያለው የነርቭ ሥርዓት የተማረው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ የሚለወጠው በመጭመቅ ሳይሆን በሌላ ልማድ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምናገረው ቪዲዮዎቹ ሰውን የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው ልምጣ። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚቀረው ይህ ሕመም በዛሬ ስሙ፣ ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ተብሎ፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፒተር ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ» ያለውን፣ የሰውነትን ስሜት በመከታተል የሚሠራ ዘዴ አዳብሯል፤ መነሻውም የሚታደን እንስሳ ከአዳኙ ካመለጠ በኋላ ተንቀጥቅጦ ወደ ግጦሹ እንደሚመለስ ማስተዋሉ ነበር። ዘዴው በ2017 እስራኤል ውስጥ በ63 ሰዎች ላይ በዕጣ ድልድል ተፈትኖ፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ ሕክምናውን ያገኙት ተሽለው ተገኝተዋል። የአእምሮ ሐኪሙ ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2014 ባወጡት ጥናት ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን 64 ሴቶች ከፍለው፣ ግማሾቹ ለ10 ሳምንት ዮጋ እንዲሠሩ፣ ግማሾቹ የጤና ትምህርት እንዲከታተሉ አደረጉ፤ በመጨረሻ ከዮጋው ቡድን 52 በመቶው፣ ከትምህርቱ ቡድን 21 በመቶው የሕመሙን መስፈርት የማያሟሉ ሆኑ። እነዚህ ተስፋ የሚሰጡ፣ ነገር ግን ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ ጥናቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 መመሪያው ለአዋቂዎች የመከረው በገጠመኙ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን፣ እንዲሁም ፍራንሲን ሻፒሮ በ1987 የጀመረችውንና በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውን ኢ.ኤም.ዲ.አር.ን ነው።

ሰውነት ተኮር ሕክምና በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፤ ከቪዲዮው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ባለሙያው «ስለ አደጋው ይንገሩኝ» ብሎ አይጀምርም። አሁን ወንበሩ ጀርባዎን እንዴት እንደያዘው፣ የእግርዎ መዳፍ ወለሉን እንዴት እንደነካው፣ ከሰውነትዎ የትኛው ቦታ ጭንቀት እንደሌለበት ይጠይቃል። ይህ አስተማማኝ ቦታ ከተገኘ በኋላ ብቻ የአደጋውን አንዲት ጫፍ፣ ለምሳሌ ከመናኸሪያው መነሣትን ብቻ፣ ያነሣል፤ ሰውነት መጨናነቅ ሲጀምር ትቶ ወደ ወንበሩና ወደ ወለሉ ይመለሳል። ለደንበኞቼ የምነግራቸው ምሳሌ የጀበና ነው፤ ቡና ሊገነፍል ሲል ጀበናውን ከእሳቱ ታነሡታላችሁ፣ ሲበርድ መልሳችሁ ትጥዳላችሁ፤ ከእሳቱ ላይ ጥዶ የሚተወው ቡናውን ያፈሰዋል፣ ጨርሶ የማይጥደውም ቡና አይጠጣም።

ነርስ ከቡሬ

ባለሙያው በሚገባ ጽፈዋል፤ እኔ ግን ትንሽ ልከራከር። በጤና ጣቢያ ሥራዬ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና መንቀጥቀጥ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ድንጋጤ ነው» ተብሎ ሲሸኝ አይቻለሁ፤ ከእነርሱ መካከል የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለበት፣ የደም ማነስ ያለበት፣ ልቡ የታመመ ነበረ። ስለዚህ እህታችን ይህን ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት የደም ምርመራ ያድርጉ፣ ልባቸው ይደመጥ፤ በቀን ስንት ስኒ ቡና እንደሚጠጡም ራሳቸውን ይጠይቁ። (መምህራን ሦስተኛውን ስኒ ትተው ወደ ክፍል ሲገቡ አላየሁም።)

ሁለተኛ፣ የከንፈር መደንዘዝና የእጅ መቆንጠጥ በብዙ ሰው ላይ የሚመጣው ቶሎ ቶሎ ከመተንፈስ ነው። ሰው ሲደነግጥ አየር ያጠረው እየመሰለው አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ይቀንስና ከንፈሩና ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱም ይዞረዋል፤ ይህም ሌላ ድንጋጤ ይጨምራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «በደንብ ተንፍሺ» እያሉ ደረትን ማስነፋት ነገሩን ያባብሰዋል። የሚረዳው ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም ነው፤ ትኩስ ሻይ እፍ እንደሚባለው በቀስታ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ይዘገያል፤ ይህን የሚያደርገው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። በዚህ ነርቭ ስም ስቴፈን ፖርጅስ በ1994 ያቀረበው «ፖሊቬጋል» የተባለ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ በቪዲዮዎቹ ሁሉ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር እሰማለሁ፤ የነርቭ ሳይንስ ሰዎች ግን ብዙ ክፍሉን ይቃወሙታል። ትንፋሽ ማስረዘም የሚጠቅመው ንድፈ ሐሳቡ ቢቆምም ቢወድቅም ነው።

ሦስተኛ፣ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ሰውን ለማረጋጋት ተብሎ ዲያዜፓም መስጠትን ያው የ2013 መመሪያ አይመክርም። ዛሬም ቢሆን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ እርስ በርሳችሁ የምትካፈሉ ካላችሁ ተዉ።

የሞጣው

እኔ የምጽፈው ለማስጠንቀቅ ነው። በአካባቢያችን ከነበረው የጸጥታ ችግር በኋላ ለወጣቶች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ተሳትፌ ነበር፤ አዘጋጁን አልጠቅስም። አሠልጣኙ ሠላሳ ሰው የሞላበትን አዳራሽ መጋረጃ ዘግቶ፣ ሁላችንንም በጀርባችን አስተኝቶ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሰውነታችሁ እንዲንቀጠቀጥ ፍቀዱለት አለን። አጠገቤ ያለው ልጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወለሉ ከእኔ ሥር ይሰማኝ ነበር። ያን ሌሊት ከቤታችን ወለል ላይ ተኝተን ጥይት ስንሰማ የነበረው አኳኋን ልክ እንደዚህ ነበር፤ በጀርባ፣ በጨለማ፣ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ አሠልጣኙ «ሰውነትህ እየታገለህ ነው» ብሎ ሊመልሰኝ እጄን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ይህ ሕክምና ከሆነ እኔ በሽታዬን እመርጣለሁ።

ባለሙያ ከጣና ዳር

ወንድም ዓለም፣ የደረሰብህ ነገር ያሳዝናል፤ የተደረገውም ስሕተት ነው። ከልባቸው በደል ወይም አደጋ ላልወጣላቸው ብዙ ሰዎች ዓይን መጨፈንና ዘና ማለት ራሱ ያስፈራል፤ ዘብ የቆመ ሰው ጠመንጃህን አስቀምጥ ሲባል እንደሚሰጋው ነው። እጅህን መያዙ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአሰቃቂ ገጠመኝ ዋናው ነገር ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ ሥልጣን ማጣቱ ስለሆነ፣ ሕክምናው ሥልጣኑን መልሶ መስጠት ይኖርበታል እንጂ እንደገና መንጠቅ የለበትም። በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ዓይን ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ በሩ በሚታይበት ቦታ እንድትቀመጥ፣ በማንኛውም ሰዓት «በቃ» ስትል እንዲቆም ያደርጋል፤ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል፣ እምቢ ስትለውም አያኮርፍም። ተነሥተህ መውጣትህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ነበር።

ዲያቆን ዘዲማ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከሕክምናው ዓለም አይደለሁም። ነገር ግን ባለሙያው ስለ ወለልና ስለ እግር መዳፍ ሲጽፉ በሰሙነ ሕማማት የምናደርገው ስግደት ትዝ አለኝ። ሰው ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ጉልበቱ መሬት ይነካል፣ ግንባሩ ይነካል፣ ተመልሶ ይቆማል፤ «ኪርያላይሶን» 41 ጊዜ ሲባል የትንፋሹ አወጣጥም ከቃሉ ጋር ይሰምራል። ማኅሌት ላይ መቋሚያ ይዘው የሚወዛወዙ ሊቃውንትም እንዲሁ ናቸው፤ ከበሮው ሳይቸኩል ሁሉም በአንድ ልክ ይሄዳል። በኀዘን የተሰበሩ ሰዎች ከስግደት በኋላ «ቀለለኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ይህን ስል ስግደትን ወደ ስፖርት ማውረዴ አይደለም፤ የሚሰገደው ለእግዚአብሔር ነው። ደግሞም ጸበል ገብታችኋልና የሐኪም መድኃኒት ጣሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ጉልበታችሁ ወይም ትከሻችሁ የታመመ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በግድ አታሰግድም።

ፈታይዋ (ከፍኖተ ሰላም)

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሴቶቹን እኔ ልጨምር። እናቴ ወንድሜ በድንገት ከሞተ በኋላ ለወራት አንድም ቃል ሳትናገር «ሆድ ይፍጀው» ብላ ኖረች። በልቅሶው ጊዜ ደረቷን ደቅታ፣ ሙሾ አውርዳ፣ ከሴቶቹ ጋር ወዲያና ወዲህ ብላ ነበር፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ገባና እሷ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ እንዝርቷን አንሥታ መፍተል ጀመረች። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች፣ ግራ እጇ ጥጡን እያላላ ወደ ላይ ይስባል፣ ክሩ ሲወፍር ትመለሳለች፣ ሲቀጥን ትለቃለች፤ ፈትሉ ሳይበጠስ እንዲሄድ እጅ ሁልጊዜ እዚያው መሆን አለበት፣ ሐሳብ ከሄደ ክሩ ይበጠሳል። አንድ ቀን ክር ሲበጠስባት «አየሽ፣ አሁን እሱ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለችኝ። ከልቅሶው በኋላ ስለ ልጇ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

መፍተል ሕክምና ነው አልልም፤ የጎረቤታችን ሴትዮ እየፈተለችም አልዳነችም፤ በመጨረሻ ሆስፒታል ገብታ መድኃኒት ተጀመረላት። ነገር ግን የተማረው ሰው «አሁን ባለህበት ቆይ» የሚለውን ነገር እናቴ በእንዝርት እንዳገኘችው አምናለሁ። አንድ ጥያቄ ለባለሙያው፦ እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ እናንተ ዘንድ ትጠቀሙበታላችሁ?

ባለሙያ ከጣና ዳር

እጠቀምበታለሁ። በተለይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ሰውነትህ ምን ይሰማሃል» ሲባል ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተሻለ በር የለም። የገበሬ ልጅ ለሆነ አንድ ታካሚ «ደረትህ ውስጥ ምን አለ» ብዬ ብጠይቀው «ምንም» አለኝ፤ ሞፈር ስትይዝ ክንድህ እንዴት ነው ብለው ግን ግማሽ ሰዓት ነገረኝ። የእናትዎ ቃል ግን ከመጽሐፍ ያላገኘሁት ነው፤ የክሩ መበጠስ ሐሳብ የሄደበትን ቅጽበት ያሳውቃታል፣ ሳትነቀፍም መልሳ ትቀጥለዋለች።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ

ባጭሩ ስለ ትከሻው ልበል፤ ማንም አላነሣውምና። ከስብራት በኋላ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ሳያውቀው ለዓመታት ይኖራል፤ አንገትና ደረት ይታሰራሉ፣ ትንፋሽም ከላይ ብቻ ይሆናል። እንዲህ የታሰረ ደረት ለአንጎል የሚያቀብለው ወሬ የስጋት ወሬ ነው። ስለዚህ እህታችን ትከሻዎን የሚያይ ባለሙያ ይፈልጉ። ስለ እግርዎ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ግድግዳ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እግርዎን ከግድግዳው ጋር አስደግፈው፣ ሆን ብለው ቀስ እያሉ ይግፉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይልቀቁ። ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ ኤድመንድ ጃኮብሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው አሮጌ ዘዴ ነው። እግርዎ በገዛ ፈቃድዎ መግፋትንና ማቆምን ይልመድ። ከባለሙያው ጋር ተማክረው ቢያደርጉት ይመረጣል።

መምህርት ዘማርቆስ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ለሞጣው ወንድሜም ጽሑፍህ ከብዙ ነገር እንዳዳነኝ ልንገርህ፣ እኔም ተመሳሳይ ሥልጠና ልመዘገብ ነበር።

ነርሷ እንዳሉት ተመረመርኩ፤ ደሜ ትንሽ አንሶ ተገኘና መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ሦስተኛውን ስኒም ትቻለሁ (አራተኛውን አልተናገርኩም)። የቀድሞዋ አማካሪዬ ዘንድ ተመልሼ ይህን ውይይት አሳየኋቸው። አነበቡትና «ታሪኩን ስትነግሪኝ አንድም ቀን እግርሽን አላየሁትም ነበር» አሉኝ። አሁን አቀማመጣችን ተለውጧል፤ ከጠረጴዛው ጎን እንጂ ከኋላው አልቀመጥም፣ በሩም ይታየኛል። ከመናኸሪያ መነሣቱን ብቻ ለሦስት ቀጠሮ ያህል ጀበናውን እየጣድን እያወረድን ቆየን። በአራተኛው ስለ ብርቱካኑ ተናገርኩ። ለአማካሪዋ ስድስት ጊዜ ስተርከው ብርቱካኑን ዘልዬው ነበር፤ የሴትዮዋ እጅ ላይ የነበረው ልጣጭ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ተንጠልጥሎ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። አለቀስኩ፤ እጄ ግን አልቀዘቀዘም።

ግድግዳ መግፋቱን ማታ ማታ አደርገዋለሁ፤ ቤተሰቤ «ግድግዳውን ልትጥይው ነው» ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ደጀን ድረስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ለመውረድ አላሰብኩም፣ አልተገደድኩምም። መንገድ ላይ እግሬ ሁለት ጊዜ ወለሉን ረገጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከረገጠ በኋላ ራሴ ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ደጀን ወርደን ሻይ ጠጣንና በረሃው ወደሚታይበት ጫፍ ሄድን። ጭጋግ ስለነበረ ወንዙ አልታየኝም፤ አንድ የጭነት መኪና ግን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ይሰማ ነበር፤ እየወጣ ስለነበር ሽታው አልረበሸኝም። ከምሳ በፊት ተመለስን።

የሞጣው

እታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሚኒባሱ ውስጥ የት ተቀመጥሽ? እኔ ከኋላ ሲሆን ያፍነኛል፣ ከፊት ሲሆን መንገዱን እያየሁ እደነግጣለሁ።

መምህርት ዘማርቆስ

በሩ አጠገብ፣ ከረዳቱ ኋላ። መንገዱን በጎን በኩል እንጂ በፊት መስታወት አላየሁትም። እህቴን በመስኮት በኩል አስቀምጬ እኔ ወደ መተላለፊያው ሆንኩ፤ ረዳቱንም ገና ስንሳፈር «መሀል መንገድ ላይ ውረድ ብልህ ታወርደኛለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለምን አላወርድሽም» አለኝ። አልወረድኩም፤ ግን ጠይቄው ነበር።